አራት አልጋዎች፣ አንዲት ነርስ

የሌሊቱ ተረኛ ክፍሉን አስረክቦ ወጥቷል እንበል። ጠዋቱን የተረከበችው ነርስ አራት ሕመምተኞች አሉባት። በመጀመሪያው አልጋ ያሉት አባት የስኳር ሕመም ያለባቸው ሲሆኑ፣ በደማቸው ውስጥ ያለው የስኳር መጠን በዴሲ ሊትር 240 ሚሊ ግራም ሆኖ ተመዝግቧል፤ ከቁርስ በፊት የሚሰጣቸውን ኢንሱሊን ይጠብቃሉ። በሁለተኛው አልጋ የተኛው ወጣት እግሩ ተሰብሮ ትናንት በብረት ታስሮለታል። ሕመሙን ከአሥር ስምንት ሰጥቶ ይጮኻል፤ ነገር ግን የእግሩ ጣቶች ይሞቃሉ፣ ይንቀሳቀሳሉ፣ የደም ሥሩም ምት በእጅ ይዳሰሳል። በሦስተኛው አልጋ የሚገኙት እናት የሳንባ ምች አለባቸው፤ ሙቀታቸው 38.4 ዲግሪ፣ የልብ ምታቸው 96፣ ትንፋሻቸው በደቂቃ 20፣ የደማቸው የኦክስጅን ሙሌት 95 በመቶ ነው። በአራተኛው አልጋ ትናንት ከሰዓት በኋላ የሆድ ቀዶ ሕክምና የተደረገላት፣ 60 ኪሎ ግራም የምትመዝን የ32 ዓመት ወይዘሮ ትገኛለች። እርሷ አትጮኽም፤ አንሶላውን ገልጣ መልሳ ትለብሳለች፣ ትገላበጣለች፣ “ዝም ብሎ ጨነቀኝ” ትላለች። የልብ ምቷ 124፣ የደም ግፊቷ 108 በ84፣ ትንፋሿ 24፣ የኦክስጅን ሙሌቷ 97 በመቶ፣ ሙቀቷ 36.4 ነው። ባለፈው አንድ ሰዓት በቱቦ የወጣው ሽንት 20 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው።

ውድ አንባብያን፣ ወደሚቀጥለው አንቀጽ ከመሻገራችሁ በፊት ነርሷ በቅድሚያ ወደየትኛው አልጋ መሄድ እንዳለባት ለራሳችሁ መልስ ስጡ። ለነርስነት የሙያ ፈቃድ ፈተና የሚዘጋጁ ተማሪዎች እንዲህ ያለውን ጥያቄ ደጋግመው ያገኙታል። የነርስነት ተማሪ ያልሆነም አንባቢ ቢሆን ወይ በራሱ ወይ በቤተሰቡ በኩል ከነዚህ አራት አልጋዎች በአንዱ ላይ መገኘቱ አይቀርምና ነገሩ ይመለከተዋል ብለን እናምናለን።

መልሱ አራተኛው አልጋ ነው። ከመልሱ ይልቅ ግን መልሱን መልስ ያሰኘው ምክንያት የበለጠ ያስተምራል።

ግፊቱ ገና ሳይወርድ

የደም ግፊት 108 በ84 በራሱ የሚያስደነግጥ ቁጥር አይደለም። እንዲያውም ሠንጠረዡን በጥድፊያ የሚያልፍ ዓይን “ደህና ነች” ብሎ ሊዘለው ይችላል። የሰው አካል ደም ሲያጣ ምን እንደሚያደርግ ለሚያውቅ ሰው ግን ይህ ቁጥር ከጎረቤቶቹ ጋር ተደምሮ ሌላ ታሪክ ይናገራል።

60 ኪሎ ግራም የምትመዝን ሴት በሰውነቷ ውስጥ ያለው ደም 4 ሊትር ገደማ ነው። ከዚህ ውስጥ ግማሽ ሊትር የሚሆነው ወደ ሆድ ዕቃ ቢፈስስ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ይቀንሳል፤ ልብም በእያንዳንዱ ምት የሚረጨው መጠን ያንሳል። በአንገትና በደረት ባሉ ታላላቅ የደም ቧንቧዎች ግድግዳ ላይ የሚገኙት ግፊት መዛኝ ነርቮች ይህን ለውጥ ወዲያውኑ ለአንጎል ያስታውቃሉ። አንጎልም ሁለት ትእዛዝ ያስተላልፋል፤ ልብ ቶሎ ቶሎ እንዲመታና በቆዳ፣ በአንጀትና በኩላሊት ያሉ ትንንሽ የደም ቧንቧዎች እንዲጠብቡ። ቧንቧዎቹ ሲጠብቡ የታችኛው የግፊት ቁጥር ከፍ ይላል። በአንድ ምት የሚረጨው ደም በማነሱ ደግሞ የላይኛው ቁጥር ዝቅ ይላል። ስለዚህ የሁለቱ ልዩነት እየጠበበ ይሄዳል። በጤነኛ ሰው ልዩነቱ 40 አካባቢ ሲሆን በዚህች ወይዘሮ ግን 24 ነው። ኩላሊቷ ደም ስለተቀነሰበት ሽንቱ አንሷል፤ በሰዓት በአንድ ኪሎ ግራም ቢያንስ ግማሽ ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 30 ሚሊ ሊትር፣ መሆን ሲገባው 20 ብቻ ወጥቷል። ጭንቀቷም ከአልጋ መልመድና አለመልመድ የመጣ ላይሆን ይችላል። የአድሬናሊን መጨመርና ወደ አንጎል የሚሄደው ደም መቀነስ እንዲህ ያለውን መቁነጥነጥ ያመጣሉ።

አልጎወርና ቡሪ የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1967 ለዚህ ጉዳይ እጅግ ቀላል ስሌት አቅርበው ነበር፤ የልብ ምትን ለላይኛው የደም ግፊት ማካፈል። በጤነኛ ጎልማሳ ውጤቱ ከ0.5 እስከ 0.7 ይሆናል። የአራተኛዋን አልጋ 124 ለ108 ብናካፍል 1.15 ገደማ እናገኛለን። ከሁለቱ ቁጥሮች አንዱንም ለብቻው ያላስደነገጠው ሰው ሲካፈሉ ሊደነግጥ ይገባዋል።

ጤናማና ወጣት አካል ከደሙ እስከ 30 በመቶ የሚደርሰውን እስኪያጣ ድረስ የላይኛውን ግፊት ይዞ ሊቆይ ይችላል። ለዚህች ወይዘሮ ይህ ከአንድ ሊትር በላይ ነው። ግፊቱ በወረደ ጊዜ አካሉ መጠባበቂያውን ጨርሷል ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ቁልቁለት ፈጣን ነው። የደም ግፊት መውረድን የሚጠብቅ ነርስ የሚጠብቀው የመጨረሻውን ምልክት ነው።

በእርግጥ ወይዘሮዋ ደም እየፈሰሳት ስለመሆኑ ገና ማረጋገጫ የለም። ኢንፌክሽን ወደ ደም ገብቶ፣ ወይም የረጋ ደም ወደ ሳንባ ሄዶ ሊሆንም ይችላል። ነርሷ ወደ አልጋው ለመሄድ ግን ይህን መለየት አይጠበቅባትም። ለመሄድ የሚያበቃት ሁሉም ምልክቶች ወደ አንድ መጥፎ አቅጣጫ ማመልከታቸው ነው። የብሪታንያ የሐኪሞች ንጉሣዊ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣውና በ2017 ያሻሻለው የቅድመ ማስጠንቀቂያ ነጥብ አሰጣጥ ይህንኑ በቁጥር ያስቀምጠዋል። በዚህ አሠራር ትንፋሽ፣ የኦክስጅን ሙሌት፣ የላይኛው ግፊት፣ የልብ ምት፣ ንቃተ ኅሊናና ሙቀት ከመደበኛው በራቁ ቁጥር ነጥብ ይጨመርባቸዋል፤ ድምሩ 5 ሲደርስ ሐኪም በአስቸኳይ እንዲያይ ይጠራል፣ 7 ሲደርስ የድንገተኛ ቡድን ይመጣል። የሳንባ ምች ያለባቸው እናት ድምር 3 ሲሆን የአራተኛዋ 5 ነው። ልብ እንበል፤ የሽንቱ ማነስ፣ የሁለቱ ግፊቶች መቀራረብና “ጨነቀኝ” የሚለው ቃል በዚህ ነጥብ ውስጥ አልተቆጠሩም። ማሽኑ ያልቆጠረውን የምትቆጥረው ነርሷ ናት።

ማወቅና ማስተዋል

ሆስፒታሎች በሚሞትባቸው ሰው ብዛት የሚለያዩት በምን ምክንያት ነው? አብዛኛው ሰው ብዙ የሚሞትበት ሆስፒታል ብዙ ስሕተት፣ ብዙ መመረዝ፣ ብዙ መድማት የሚደርስበት ሆስፒታል ነው ብሎ ይገምታል። ጋፈሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ያወጡት ጥናት ግን ይህን ግምት የሚያፈርስ ነው። በአሜሪካ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ከ84 ሺህ በላይ ሕመምተኞች መዝገብ መርምረው፣ ሞት በእጅጉ በሚበዛባቸውና በእጅጉ በሚያንስባቸው ሆስፒታሎች መካከል የተወሳሰበ ችግር የሚገጥማቸው ሕመምተኞች መጠን ተቀራራቢ ሆኖ አገኙት፤ በመጀመሪያዎቹ 24.6 በመቶ፣ በኋለኞቹ 26.9 በመቶ። ልዩነቱ የታየው ከዚያ በኋላ ነበር። ከባድ ችግር ከገጠማቸው መካከል ሞት በሚበዛባቸው ሆስፒታሎች 21.4 በመቶዎቹ ሲሞቱ፣ በሚያንስባቸው የሞቱት 12.5 በመቶ ነበሩ። ሲልበርና ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ1992 ለዚህ ክስተት “ማዳን አለመቻል” የሚል መለኪያ ሰጥተውት ነበር። ችግሩ በሁሉም ቦታ ይደርሳል፤ አንዱ ክፍል ግን ቶሎ ያየዋል፣ ሌላው ዘግይቶ ያየዋል። በሆስፒታል ውስጥ ደግሞ ሃያ አራት ሰዓት ከአልጋው አጠገብ የሚገኘው ባለሙያ ነርስ ነው።

በዚህ ረገድ በብዙ የሕክምናና የነርስነት ትምህርት ቤቶች የሚጠቀስ አንድ ታሪክ አለ። ሌዊስ ብላክማን የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2000 በሳውዝ ካሮላይና ግዛት፣ ቻርልስተን ከተማ፣ ወደ ውስጥ የሰረጎደ የደረት አጥንቱን ለማስተካከል አስቸኳይ ያልሆነ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ለሕመሙም ኬቶሮላክ የተባለ ማስታገሻ ተሰጠው። ይህ መድኃኒት ሕመምን የሚቀንሰው ፕሮስታግላንዲን የተባሉ ንጥረ ነገሮችን መመረት በማገድ ነው። ነገር ግን የጨጓራንና የትንሹን አንጀት መግቢያ ግድግዳ ከአሲድ የሚጠብቁትም እነዚሁ ንጥረ ነገሮች በመሆናቸው መድኃኒቱ ቁስለት የማምጣት ባሕርይ አለው። በሦስተኛው ቀን፣ እሑድ፣ ልጁ በሆዱ ላይ ድንገተኛና ብርቱ ሕመም ተሰማው። ሕመሙ በጋዝና በሆድ ድርቀት ተተረጎመ። ቀጥሎም የልብ ምቱ እየፈጠነ፣ የሰውነቱ ሙቀት እየወረደ ሄደ። በማግስቱ ጠዋት የደም ግፊቱን ለመለካት ያልተቻለ ሲሆን፣ የመለኪያ መሣሪያው ተበላሽቷል በሚል ግምት ሌላ መሣሪያ እየተቀያየረ ለሁለት ሰዓት ያህል ተሞከረ። ልጁ በዚያው ቀን ሞተ። አስከሬኑ ሲመረመር የተበሳ የአንጀት ቁስለትና ብዙ የፈሰሰ ደም በሆዱ ውስጥ ተገኘ።

ይህን ታሪክ የምናወሳው ማንንም ለመክሰስ አይደለም። ልብ ሊባል የሚገባው የትኛው ዕውቀት እንደጎደለ ነው። ኬቶሮላክ ቁስለት እንደሚያመጣ፣ የተበሳ ቁስለት ብርቱ ሕመም እንደሚያስከትል፣ ፈጣን ልብና ቀዝቃዛ ሰውነት የደም ዝውውር መክሸፍ ምልክት መሆናቸውን ማንኛውም የነርስነትና የሕክምና ተማሪ ተፈትኖበት ያለፈው ትምህርት ነው። ዕውቀቱ በክፍሉ ውስጥ ነበረ። አሞስ ትቨርስኪና ዳንኤል ካህነማን እ.ኤ.አ. በ1974 እንዳብራሩት የሰው አእምሮ መጀመሪያ ባገኘው ግምት ላይ መልሕቁን ይጥላል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ማስረጃ ሁሉ ወደዚያው ግምት እየጎተተ ያየዋል። “ጋዝ ነው” የሚለው ቃል አንድ ጊዜ ከተነገረ በኋላ የማይለካው የደም ግፊት እንኳ የመሣሪያ ብልሽት ይመስላል።

ከአገራችን ሁኔታ የሚቀርብ ሌላ ማስረጃም አለ። ከወሊድ በኋላ የሚከሰት ደም መፍሰስ በኢትዮጵያ እናቶችን ከሚገድሉ ዋነኛ ምክንያቶች አንዱ ነው። ማኅፀንን ማሸት፣ ኦክሲቶሲን መስጠት፣ ትራኔክሳሚክ አሲድና ፈሳሽ በደም ሥር መስጠት ከአዋላጅ ነርሶች የተሰወረ አይደለም። ታዲያ ለምን ይሞታሉ? በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካና በታንዛኒያ በሚገኙ 80 ሆስፒታሎች፣ ከ200 ሺህ በላይ ወላዶችን ያካተተና እ.ኤ.አ. በ2023 ውጤቱ የታወቀ ሙከራ ተካሂዷል። ለአዋላጆቹ የተሰጣቸው አዲስ ዕቃ ደም የሚጠራቀምበት፣ በጎኑ የልኬት መስመር ያለው የላስቲክ ከረጢት ነበር። ከዚህም ጋር ሕክምናዎቹ ተራ በተራ ሳይሆን ባንድነት እንዲሰጡ ተደረገ። በዓይን ግምት በሚሠራባቸው ሆስፒታሎች ደም ከፈሰሳቸው እናቶች ታውቆ የተመዘገበላቸው 51.1 በመቶዎቹ ብቻ ሲሆኑ፣ ከረጢቱ ባለባቸው ግን 93.1 በመቶ ደረሰ። ሙሉ ሕክምናውን ያገኙት ከ19.4 በመቶ ወደ 91.2 በመቶ ከፍ አሉ። ከባድ የደም መፍሰስ፣ ለዚሁ ሲባል የሚደረግ የሆድ ቀዶ ሕክምና ወይም ሞት የደረሰባቸው ወላዶች ከ4.3 በመቶ ወደ 1.6 በመቶ ወረዱ። መድኃኒቱ አዲስ አልነበረም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው መመሪያ ከዚህም አልፎ፣ የፈሰሰው ደም 300 ሚሊ ሊትር እንደደረሰና ከልብ ምት ወይም ከግፊት አንዱ ከተዛባ 500 ሳይጠበቅ ሕክምናው እንዲጀመር መክሯል።

ማስተዋልን በፈተና መለካት

እንግዲህ በነርስነት ፈቃድ ፈተና ላይ የሚነሳው ጥያቄ ይህ ነው። የሚጎድለው ማስተዋል ከሆነ፣ ፈተናው የሚለካው ምን መሆን ይኖርበታል?

የአሜሪካን ፈተና እንመልከት። በዋሽንግተንና በሌሎች ከተሞች የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን “ቦርድ” እያሉ የሚጠሩት፣ በይፋ ስሙ ኤንክሌክስ የሚባለው ፈተና እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ በኮምፒዩተር ይሰጣል። ለሁሉም ተፈታኝ አንድ ዓይነት ወረቀት የለም። ኮምፒዩተሩ ተፈታኙ በመለሰ ቁጥር ከበድ ያለ፣ በሳተ ቁጥር ቀለል ያለ ጥያቄ ያመጣል። የዚህ መሠረት ዴንማርካዊው የሒሳብ ሊቅ ጌዮርግ ራሽ እ.ኤ.አ. በ1960 በመጽሐፍ ያሳተመው ሞዴል ነው። በራሽ አስተሳሰብ የተፈታኙ ችሎታና የጥያቄው ክብደት በአንድ መስመር ላይ ይለካሉ፤ ሁለቱ እኩል ሲሆኑ በትክክል የመመለስ ዕድሉ 50 በመቶ ይሆናል። አንድ ጥያቄ ስለ ተፈታኙ የሚሰጠው መረጃ በትክክል የመመለስ ዕድሉ በመሳት ዕድሉ ተባዝቶ ይገኛል። ዕድሉ 0.5 ሲሆን ብዜቱ 0.25፣ ዕድሉ 0.9 ሲሆን 0.09 ነው። ስለዚህ ለተፈታኙ ልክ የሆነ አንድ ጥያቄ እጅግ ከቀለሉ ሦስት ጥያቄዎች ጋር ሊመጣጠን ምንም ያህል አይቀረውም። ከፈተናው ወጥቶ “ግማሹን አላወቅሁትም፣ ወድቄአለሁ” የሚል ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የሚያልፈውም የሚወድቀውም ግማሽ ያህሉን እንዲስት ተደርጎ ነው ጥያቄው የሚመረጥለት። ልዩነታቸው ግማሹን የሳቱት የትኛው ከፍታ ላይ ቆመው ነው የሚለው ነው። ኮምፒዩተሩ ተፈታኙ ከማለፊያው መስመር በላይ ወይም በታች መሆኑን በ95 በመቶ እርግጠኝነት እስኪያውቅ ይቀጥላል፤ ካልሆነለት እስከ 150ኛው ጥያቄ ወይም አምስቱ ሰዓት እስኪያልቅ ድረስ።

ይህ የሒሳብ ብልሃት ችሎታን በቁጠባ ይለካል፤ ማስተዋልን ግን በራሱ አይለካም። ባለ አራት ምርጫው የቀድሞ ጥያቄ አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረበት። “ሕመምተኛው የልብ ምቱ 124፣ ሽንቱ 20 ሚሊ ሊትር ነው” ብሎ ሲጀምር አስፈላጊውን ምልክት መርጦ ያቀረበው ጠያቂው ነው። በክፍሉ ውስጥ ግን ማንም መርጦ አያቀርብም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ ፈተናው ተለወጠ። አሁን ተፈታኙ የሕመምተኛውን መዝገብ፣ የሌሊቱን ማስታወሻ፣ የላቦራቶሪ ውጤትና የሐኪም ትእዛዝ ከነዝባዝንኬው ያገኛል፤ ከመካከሉ የሚያሳስበውን ቃል ራሱ ያቀልማል። በአንድ ታሪክ ላይ ስድስት ጥያቄዎች ይከተላሉ። ምልክቱን መለየት፣ ምልክቶቹን ማገናኘት፣ ከሚጠረጠሩት ችግሮች ለአስጊው ቅድሚያ መስጠት፣ መፍትሔ ማሰብ፣ ማድረግ፣ በመጨረሻም የተደረገው ነገር ለውጥ ማምጣቱን መመርመር። የፓፒዮን ቅርጽ ያለው የጥያቄ ዓይነትም አለ፤ በመካከሉ የተጠረጠረው ችግር፣ በግራው ሁለት ድርጊቶች፣ በቀኙ ደግሞ ነርሷ ልትከታተላቸው የሚገባ ሁለት ነገሮች ይሞላሉ። “የሚመለከተውን ሁሉ ምረጥ” በሚሉት ላይ ከእንግዲህ ሁሉንም መምረጥ አያዋጣም፤ የተሳሳተው ምርጫ የተገኘውን ነጥብ ይቀንሳል።

በአገራችንም የጤና ሚኒስቴር ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለነርሶችና ለሌሎች ጤና ባለሙያ ምሩቃን አገር አቀፍ የብቃት ምዘና ፈተና መስጠት ጀምሯል። በእኛ እይታ የምርጫ ጥያቄም ቢሆን በብልሃት ከተዘጋጀ ማስተዋልን ሊነካ ይችላል። በመግቢያችን ላይ ያቀረብናቸው አራት አልጋዎችም የምርጫ ጥያቄ ናቸው።

እንዴት ይጠና?

ለፈተና የሚዘጋጁ ተማሪዎች ሺህ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው የያዘ ጥራዝ ፎቶ ኮፒ አድርገው ሲሸመድዱ እናያለን። ጥያቄ መሥራት ጥሩ ነው፤ መልሱን መሸምደድ ግን ለሚቀጥለው አልጋ አይረዳም። ጥያቄውን ከመለሱ በኋላ አንዱን ቁጥር ለውጦ እንደገና መጠየቅ ይሻላል። የአራተኛዋ አልጋ የልብ ምት 84፣ ሽንቷ 45 ቢሆን ኖሮ ቅድሚያው ወዴት ይዞር ነበር? የወጣቱ ጣቶች ቀዝቅዘውና ደንዝዘው ቢሆንስ? የኋለኛው ቢሆን በእግሩ ጡንቻ ውስጥ የተጠራቀመ ግፊት ደሙን እያገደው ሊሆን ስለሚችል፣ ጩኸቱ ማስታገሻ ብቻ የሚበቃው አይሆንም ነበር።

“መጀመሪያ የአየር መንገድ፣ ቀጥሎ ትንፋሽ፣ ቀጥሎ የደም ዝውውር” የሚለው ቅደም ተከተል ሁሉም ተማሪ የሚያውቀው ነው። እንደ ድግምት የሚደግሙት ግን ይወድቁበታል። ለብዙ ዓመታት ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ያለባቸው አዛውንት የኦክስጅን ሙሌታቸው 90 በመቶ ቢሆን ለእርሳቸው የሚጠበቅ ነው፤ የሚፈለግላቸውም ከ88 እስከ 92 ነውና። ትናንት 98 የነበረች ወጣት ዛሬ 92 ብትሆን ግን ቁጥሯ ከእርሳቸው ቢበልጥም መታየት ያለባት እርሷ ናት። ስለዚህ በማንኛውም ቁጥር ፊት “ለዚህ ሰው የሚጠበቅ ነው ወይ? ከቅድሙስ ወዴት ሄደ?” ብሎ መጠየቅን ልማድ ማድረግ ያስፈልጋል። አንድ ልኬት ነጥብ ነው፤ አቅጣጫ የሚታወቀው ሁለተኛው ሲጨመር ነው።

ከልኬቶች ሁሉ በጣም የሚናቀው ትንፋሽ ነው። በብዙ አገሮች የሕመምተኞች መዝገብ ሲመረመር ትንፋሹ ለሁሉም 18 ወይም 20 ሆኖ ተጽፎ ይገኛል፤ ሰው ሁሉ እኩል ስለሚተነፍስ ሳይሆን ስለማይቆጠር ነው። አብዛኛውን ጊዜ በማሽን የማይለካ በመሆኑ ሙሉ አንድ ደቂቃ ቆሞ መቁጠርን ይጠይቃል። ሆኖም ደሙ አሲድ ሲበዛበት ወይም ኦክስጅን ሲያንሰው አካሉ ቀድሞ የሚለውጠው ትንፋሹን ነው። ተማሪዎች በተግባር ልምምድ ጊዜ ይህን አንድ ደቂቃ እንዳይሰስቱ እንመክራለን።

ሌላው ሐኪም መጥራት ነው። ፈተናው “ለሐኪም አሳውቅ” የሚለውን ምርጫ ብዙ ጊዜ እንደ ወጥመድ ያስቀምጠዋል፤ ራሷ ልታደርገው የሚገባት ነገር እያለ ስልክ የምታነሳ ነርስ ጊዜ ታጠፋለችና። ነገር ግን መረጃው በተሟላበት ቦታ መጥራት ግዴታ ነው፤ አጠራሩም ይለያያል። “ዶክተር፣ አራተኛዋ አልጋ ትንሽ ተረብሻለች” ብሎ የሚጀምር ጥሪ “እሺ፣ ስጨርስ እመጣለሁ” የሚል መልስ ያገኛል። “ዶክተር፣ ትናንት ሆዷን የተከፈተችው የአራተኛ አልጋ ወይዘሮ ደም እየፈሰሳት ይሆናል ብዬ ሰግቻለሁ። ሌሊት 88 የነበረው ልቧ አሁን 124 ነው፣ ግፊቷ 108 በ84፣ በሰዓት የወጣው ሽንት 20 ነው። አሁኑኑ መጥተው ይዩልኝ፤ እስከዚያው ደሟን ለምርመራና ለማመሳሰል ላውጣ?” የሚለው ግን ችግሩን፣ መነሻውን፣ ምልከታውንና ጥያቄውን በአራት ትንፋሽ ይጨርሳል። ይህ አነጋገር በትምህርት ቤት ጮክ ብሎ ሊለማመዱት የሚገባ ነው። በአገራችን ተማሪ ነርስ ሐኪም ፊት ድምፁን ዝቅ እንዲያደርግ የለመደ በመሆኑ በተለይ።

ከፈተናው ውጪ የሚቀረው

ፈተና የአንድን ሰው አእምሮ ይለካል። በመግቢያችን ላይ ነርሷ አራት ሕመምተኞች ነበሯት፤ በብዙ ሆስፒታሎቻችን የአንድ ነርስ ድርሻ ከዚህ በብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ አንባብያን ያውቃሉ። ሊንዳ ኤይከንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 በፔንሲልቬንያ ግዛት በሚገኙ 168 ሆስፒታሎች ባካሄዱት ጥናት፣ በአንድ ነርስ ላይ አንድ ሕመምተኛ በተጨመረ ቁጥር ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሰዎች በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድል በ7 በመቶ ከፍ እንደሚል አሳይተዋል። ፈተናውን በከፍተኛ ውጤት ያለፈች ነርስም ብትሆን ያልደረሰችበትን አልጋ ልታስተውለው አትችልም።

ታዲያ በእኛ የሕክምና ክፍሎች ውስጥ ከአልጋው አጠገብ የማይጠፋ አንድ ሰው አለ፤ አስታማሚው። መዝገብ ማንበብ ባይችልም የሕመምተኛውን የወትሮ ፊት፣ የወትሮ ድምፅና የወትሮ ጠባይ ከማንም በላይ ያውቃል። “ከትናንት ዛሬ የተለየ ነገር አዩባት?” ብሎ መጠየቅ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። የሌዊስ ብላክማን እናት ልጃቸው እየባሰበት መሆኑን ተናግረው፣ ዋናው ሐኪም እንዲመጣላቸው ጠይቀው ነበር። የመጣው ግን በሥልጠና ላይ ያለ ሐኪም ነበር፤ እርሳቸውም ይህን ያወቁት ዘግይተው ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. የሳውዝ ካሮላይና ግዛት በልጁ ስም ባወጣው ሕግ ሠራተኞች ማንነታቸውንና ደረጃቸውን የሚገልጽ መታወቂያ እንዲያንጠለጥሉ፣ ሕመምተኞችና ቤተሰቦቻቸውም እርዳታ በቀጥታ የሚጠሩበት መንገድ እንዲኖራቸው ተደነገገ። በእንግሊዝም እ.ኤ.አ. በ2021 የሞተችውን ማርታ ሚልስ የተባለች የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ስም የያዘ ደንብ ከ2024 ጀምሮ በሆስፒታሎች መተግበር ጀምሯል። በዚህ ደንብ መሠረት ቤተሰብ ሕመምተኛው እየባሰበት ነው ብሎ ሲሰጋ ከሚያክመው ቡድን ውጪ የሆነ ሌላ ቡድን በአስቸኳይ መጥቶ እንዲያየው መጠየቅ ይችላል። የሕመምተኛውና የቤተሰቡ አስተያየትም በየቀኑ እየተጠየቀ ከልብ ምቱና ከግፊቱ ጎን ይመዘገባል።